አንደኛ ማዕረግ፣ ደርሶ መልስ

ይድረስ ለልጄ፤ ሰላምታዬ ባቡሩን ቀድሞ ቤትሽ ይግባ። እኔ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ እናትሽም ደህና ናት፣ ትስምሻለች።

ቅዳሜ እንመጣለን። የቆረጥኩት አንደኛ ማዕረግ ነው፤ ሳቂ እንግዲህ! ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ቲኬት ስቆጣጠር፣ «የፊቱም የኋላውም ፉርጎ እኩል ነው የሚደርሰው፤ ለወንበር ልብስ ብላችሁ አትክሰሩ» እያልኩ መንገደኛውን ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁንም ቃሌን አላጠፍኩም። ሦስት ሰዓት ለማይሞላ መንገድ አንደኛ ማዕረግ ጉራ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ያዋጣል። ወንበሩ እንደ አልጋ ይዘረጋል፣ መጸዳጃ ቤቱ ሁለት እርምጃ ነው፣ የሚጋፋም የለም።

እናትሽ «ሽማግሌው ቀበጠ!» ብላ ሳቀችብኝ። ድሮ ከፉርጎ ፉርጎ እየዞረች ከማታውቀው ሰው ሁሉ ጋር ስታወራ የምትደርስ ሴት፣ ዘንድሮ «መስኮት አጠገብ ብቻ አስቀምጠኝ» አለችኝ። ሻንጣዋን እኔው አዘጋጀሁላት። ቀሚሶቿንም ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አጥብባላታለች። አደራ፣ ጣቢያ ስትቀበይን ከሁሉ በፊት «አምሮብሻል» በያት።

ቲኬት ቆራጩ «መመለሻውስ?» ሲለኝ፣ «ለመመለሻ ሁለተኛ ማዕረግ ይበቃኛል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና «ይበቃናል ለማለት ነው፣ አባባ?» አለኝ።

እኔን፣ የባቡር ሰውን፣ ሊያርመኝ! ደሜ ፈላ። «መመለሻውንም አንደኛ ማዕረግ አድርገው፤ የሁለታችንንም!» አልኩት።

እንግዲህ በደህና ጠብቂን።

አባትሽ