መርዶ ነጋሪያችን ከመዝናኛ ጀልባ እስኪመለሱ

ሴፕቴምበር 2006
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለክቡር አቶ አባይነህ መሸሻ፣
የመረዳጃ እድራችን ሊቀመንበር፣
በየብስም ይሁን በባሕር ባሉበት።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ ወይዘሮ ጽጌረዳስ፣ ልጆችዎስ? በተለይ በሞተር ጀልባ እየተጎተቱ በባሕር ላይ ሲንሸራተቱ ወለም ያለው ቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እስኪሽር ድረስ ይህን ደብዳቤ ላቆየው አስቤ ነበር፤ ክፉ ነገር የሚነገረው ሰሚው ሲረጋጋ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና። ሆኖም ባለፈው ወር ልማዳችን ተሻሽሎ ተናጋሪው ሲመቸው ሆኗል፤ እኔም ዛሬ ተመችቶኛል።

እርስዎ ያውቁኛል። ደብዳቤውን በየሱቁ በር ላይ ተለጥፎ ለሚያነቡት ግን እንቁ ምናሉ እባላለሁ። ፒዮሪያ ስትሪት አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቼር እገፋለሁ።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋና ይቅደም። ልጆችዎ ስድሳኛ ዓመትዎን ምክንያት አድርገው፣ በካሪቢያን ባሕር ከደሴት ወደ ደሴት የሚዞር ጀልባ ከነካፒቴኑና ከነወጥ ቤቱ ተከራይተው እርስዎንና ወይዘሮ ጽጌረዳን ሁለት ሳምንት ማንሸራሸራቸው ለሁላችንም ኩራት ነው። ጄት ስኪ ነድተዋል፤ በፓራሹት ታስረው ከጀልባው ኋላ ወደ ሰማይ ወጥተዋል፤ በቱቦ እየተነፈሱ ባሕር ሥር ዓሣ ጎብኝተዋል። አብዛኛው አባላችን ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ዳር ሥጋ ጠብሶ ከመመለስ ያለፈ ከውሃ ጋር ትውውቅ የለውምና፣ በውክልና ስለዋኙልን ከልብ እናመሰግናለን።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ያለው ዘመድ እዚህ ላለ ትልቅ ሰው ይደውላል፤ ሞተ ማለት ስለሚከብደው ታሟል ይላል፤ ትልቁ ሰውም ጎረቤት ሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። ልማዱን አልነቅፍም፤ ብቻውን ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ደግነት አላውቅም። በእድራችን ደግሞ እርስዎ ከተመረጡ ጀምሮ ያለ እርስዎ መርዶ አይነገርም፤ ድምፅዎ ለዚህ የተፈጠረ ነው ይባላል።

አንደኛው አቤቱታዬ አለመጠየቅዎ ነው። ወንድሜ ዘውዱ ከጎንደር የደወለልዎ ሻንጣዎን ሲያዘጋጁ ነበር። አባታችን አቶ ምናሉ በጠና ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን፣ የእኔን ድምፅ መስማት እንደሚፈልጉ፣ ብቻዬን ሆኜ እንዳልደነግጥ ሰዎች ሰብስበው እንዲነግሩኝና ቁጥሩን ወደማላውቀው አዲስ ሞባይሉ እንድደውል እንዲያደርጉኝ ለመነዎት። እርስዎም «አይዞህ፣ ገብቶኛል» አሉት። በእርግጥም እንደ ልማዳችን ገባዎት፤ አባቴን በዚያው ደቂቃ ገደሏቸው። በሕይወት አሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነውና አልጠየቁም። ለኮሚቴው መርዶ መሆኑን ነግረው፣ እስኪመለሱ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አዘዙ፤ የሞተ ሰው ለጥቂት ቀን አይቸኩልም ማለትዎንም ኋላ ሰምቻለሁ። ከዚያ የዋና ልብስዎን ይዘው ሄዱ።

ሁለተኛው፣ ትእዛዝዎ ያለ አንዳች ጉድለት መፈጸሙ ነው። ወደ ቤት ስደውል የሚያነሳ የለም፤ ሁሉም ሆስፒታል ነበሩ። የእድሩን ጸሐፊ ወይዘሮ ከበቡሽን ብጠይቃቸው፣ ክረምት ስለሆነ መስመሩ ተበላሽቶ ነው አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ በሰሃን እየተሸፈነ ይመጣልኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ አቅፈው አይለቁኝም። እኔ ሞኟ የተወደድኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። የጎረቤቴ የስምረት ልጅ ክርስትና ላይ እስክስታ ስመታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ወንድሜ መልሶ ደወለልዎ፤ ስልክዎ ባሕር ላይ አይሠራም። ወይዘሮ ከበቡሽን አገኛቸው፤ እሳቸውም በጨዋ ደንብ አይዞህ፣ ሁሉም በወጉ ይደርሳታል ብለው ሸኙት። ስለዚህ አባቴ ሲጠይቁት፣ ሰምታለች፣ ዛሬ ትደውላለች አላቸው። በማግስቱም እንዲሁ አላቸው። አባቴ ሞባይሉን ከትራሳቸው አጠገብ አስቀምጡልኝ ብለው ከሳምንት በላይ ጠበቁ፤ ሌላ ሰው ሲደውል መስመሩን እንዳይዝባት ቶሎ ዝጉት ይሉ ነበር። ዓርብ ዕለት አረፉ። ካሳዩን ፎቶግራፎች እንደተረዳሁት ዓርብ ከዓሦቹ ጋር ነበሩ። ከቀብሩ በኋላ ወንድሜ ሊያረዳ ሲደውልም ወይዘሮ ከበቡሽ ሰምተናል አሉት። እድራችን አንድን ሰው ከመሞቱ በፊት ሰምቶ መጨረሱን በታሪኩ ይመዝግብልን።

ሦስተኛው የተፈጸመው እኔው በምሠራበት አየር ማረፊያ ነው። ሲመለሱ በጉልበትዎ ምክንያት ዊልቼር ታዞልዎ ነበር፤ ተራው የእኔ ሆነ። ሳይዎት በደስታ ሮጥኩ። ከአውሮፕላኑ በር እስከ አየር ማረፊያው የውስጥ ባቡር፣ ከባቡሩ እስከ ሻንጣ መቀበያው ገፋሁዎት። እርስዎም ውሃው እንዴት ሰማያዊ እንደሆነ፣ ጄት ስኪው እንዴት እንደሚዘል፣ አንዱ ደሴት ከሌላው እንዴት እንደሚያምር አጫወቱኝ፤ እኔም ከኋላዎ ሆኜ እሰይ እያልኩ ሳቅኩልዎ። ያ ሁሉ መንገድ የአባቴ መርዶ በጉያዎ ነበር። መኪናው ዘንድ ስንደርስ ብቻ ዞር ብለው «እንቁዬ፣ ነገ ጠዋት ቤት ትኖሪያለሽ?» አሉኝ። ከባሕሩ ስጦታ ያመጡልኝ መስሎኝ የጠዋት ተራዬን ለሰው ሰጠሁ፤ ቤቴንም ወለወልኩ።

በማለዳ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ደረጃውን ሞልተው መጡ። ድምፅዎ እውነትም ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ነፍስ ይማር ሲሉ ሌሎቹም አብረው አለቀሱ። አልቅሼ ሲደክመኝ ከወንድሜ ጋር በስልክ አገናኙኝ። ወንድሜ እንደ ወጉ አላጽናናኝም፤ «ምነው እህቴ፣ ድምፅሽን እንኳ ነፈግሻቸው?» አለኝ። አባባ ያረፉበትን ቀን ነገረኝ፤ እኔም ጮክ ብዬ ደገምኩት። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እርስዎ ከሄዱበት ቀን ጋር አስተያየው። ወይዘሮ ከበቡሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እርስዎ የታመመ እግርዎን ትራስ ላይ እንደዘረጉ «ለአንቺው ብዬ ነው» አሉኝ። አመሰግናለሁ። እኔ ግን የጠየቅኩት ነገር አልነበረም፤ አባቴ ነበሩ የጠየቁት።

ከእድሩ አልወጣም፤ ስሞት የሚቀብረኝ ሌላ የለኝም። ይቅርታ ይጠይቁኝም አልልዎትም፤ ወንድሜ ዛሬም ድረስ በሙሉ ልቡ አላመነኝም፣ የእርስዎም ይቅርታ ለእሱ መልስ አይሆንም። አባቴ ጨካኝ ልጅ ወልጄ ኖሯል ብለው ሄደው ይሆን? ይህን የሚነግረኝ ሰው የለም። የምለምንዎት በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ብቻ ነው፤ ስልክ የተቀበለ ሰው ነውርም ቢሆን በሕይወት አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ።

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ ለሰባኛ ዓመትዎም ልጆችዎ ከዚህ የሰፋ ባሕር ይምረጡልዎ እያልኩ፣ ዊልቼር ባስፈለገዎ ጊዜ ሁሉ ሳልሳሳ የምገፋዎት፣ አክባሪዎ፣

እንቁ ምናሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ከአውሮፕላን ተቀብዬ ስገፋ፣ ከደሴ መሆናቸውንና የታላቅ እህትዎ የወይዘሮ ጌጥነሽ ጎረቤት መሆናቸውን አጫወቱኝ። ወይዘሮ ጌጥነሽ በጠና ታመዋል፤ እኚህ እናትም ለአባይነህ ቀስ ብላችሁ ንገሩት ተብለው ተልከዋል። ዊልቼሩን አቁሜ በሕይወት አሉ ወይ አልኳቸው። ደነገጡብኝ፤ ከዚያ ግን «አሉ፣ ስሙን እየጠሩ ነው» አሉኝ። ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ቤትዎ ሄድኩ። አልነበሩም፤ ወይዘሮ ጽጌረዳ ገና ታመዋል ከማለቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። አልሞቱም ብዬ ብምልም ላጽናናቸው ስል የምዋሽ መሰላቸው። ዛሬ ደግሞ ኮሚቴው እሑድ ማለዳ ሊያረዳዎት ሰው እየጠራ መሆኑን ሰማሁ። ስለዚህ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ፤ እህትዎ በሕይወት አሉ። ቁጥራቸውን በርዎ ላይ ለጥፌዋለሁ። ይደውሉላቸው።