ሞተሬን ለሚነዳው ሰው

የአክስቴ ልጅ፣

አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ፤ አንቺም ተኝተሻል። ፊት ለፊት መጠየቅ አፍሬ፣ በሆዴ ይዤው ከምሄድ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ትናንት ሞተሬ መንገድ ላይ ቆሞብኝ ሜካኒኩ ካርቡሬተሩን ፈታው። "እህቴ፣ ቾክ ስበሽ ነው እንዴ የምትውዪው? ካንዴላው እኮ ከሰል መስሏል!" ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ቾኩን የምስበው ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት ብቻ ነው፤ እንደሞቀ እመልሰዋለሁ።
አንቺ ደግሞ ሞተር እፈራለሁ ብለሽኛል።

የቾኩ ገመድ ተጣብቆ ነበር፤ አሁን ዘይት ተቀብቷል። ለሚነዳው ሰው ንገሪልኝ፦ ጠዋት ሲያስነሳ ይሳበው፣ ሲሞቅ እስከ መጨረሻው ይመልሰው።

የሞተሩ ትርፍ ቁልፍ መሳቢያው ውስጥ የለም።
የት እንደገባ አልፈለግሁም።

የሄልሜቴም ማሰሪያ ለሌላ ሰው ተስተካክሎ ጠቦኛል። ሳምንቱን ስለማልኖር እንዳለ ትቼዋለሁ። አደራ፣ ሳያስረው እንዳይወጣ።