ኡኡታ የሌለው አቤቱታ

ሰኞ፣ ጥር 18። ከጠዋቱ 3፡15

ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ወረፋው አልቀዘቀዘም። እስካሁን አምስት አቤቱታ። ሁለት የድንበር፣ አንድ የዱላ፣ አንድ የዶሮ (በእውነት፣ የዶሮ!)፣ አንዷ ደግሞ ባሌን አስፈራሩልኝ ባይ። ያው እኔ ም/ሳጅን ዓለምነሽ ዛሬም አቤቱታ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴ። አንቺ ደብተር ባትኖሪ ለማን እነግራለሁ?

የጣቢያችን ቅደም ተከተል አይነካም። አለቃዬ ኢንስፔክተር ታደሰ በካርቶን ጽፎ ከጀርባዬ ለጥፎታል፦ ነፍስ፣ ከብት፣ ድንበር፣ ሌላ ስርቆት፣ ስድብና ልዩ ልዩ። ያልተጻፈው ግን ከተጻፈው ይበልጣል። ኡኡ ብሎ፣ መንደሩን አስከትሎ፣ አቧራ አስነስቶ የመጣ ሰው ይቀድማል። በቀስታ የሚያወራ ሰው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ይመሻል።

6፡40

የስፌት ቤቷ ሀያት መጣች። ከጅዳ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ፣ በራሷ ላብ ስፌት መኪና ገዝታ የምትሠራ ልጅ። ይቺን ዩኒፎርሜን ያጠበበችልኝ እሷ ናት። ተቀመጪ እስክላት ቆማ ጠበቀች። ድምፅዋ ለራሷም አይሰማትም።

እሑድ ኒካዋ ነው። ከሳምንት ወዲህ በስሟና በፎቶዋ የፌስቡክ ገጽ ተከፍቷል። ጅዳ ባል አላት፣ ልጅ ጥላ ነው የመጣችው ይላል። ለሙሽራው ዘመዶች አንድ በአንድ ይልካል። ሌላም ጸያፍ ነገር አለ፣ እዚህ አልጽፈውም። የሙሽራው አጎቶች እስቲ ኒካው ይቆይ ማለት ጀምረዋል። ከቆየ ቀረ ማለት ነው። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

መከርኳት። ሁሉንም አጥፊው፣ አትዪው፣ ሐሙስ ተመለሽ። እንዴት ያለሁ ደግ! ስልኳን እዚያው አስወጥቼ የደረሳትን ሁሉ አስጠፋኋት። መዝገቡ ላይም "ስድብና ልዩ ልዩ" ብዬ አሰፈርኩ።

ሳትወጣ በሩ ላይ ኡኡታ። አያ ሞላ፣ ከኋላቸው አሥራ አምስት ሰው። ከግራና ገበያ በቅርቡ የገዙት በሬ፣ ቡሬ፣ ከበረቱ ጠፍቷል። ኢ/ር ታደሰ ቆቡን አጥልቆ ወጣ። ሁላችሁም ተነሡ! ሀያት ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈችን።

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ማታ 12፡00

ሆዴን አመመኝ። በሳቅ።

አራት ፖሊስ፣ አንድ ሙሉ ቀን። በባጃጅ፣ በእግር፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል። በሲሪንቃ በኩል ያገኘነውን ሁሉ ጠየቅን። አንድ እረኛ በዚህ ነዱት አለን፣ አንዲት ሴት በዚያ ነዱት አለችን። ኢ/ር ታደሰ የሌባውን ኮቴ አገኘሁ ብሎ ሁለት ሰዓት አስከተለን። የራሳችን ኮቴ ነበር።

በመጨረሻ በሬውን የሸጡት ሰውዬ ግቢ ደረስን። ቡሬ ገለባውን እየበላ ነው! ሌባ የለ፣ ነጂ የለ። አገሩ ናፍቆት ገመዱን በጥሶ በገዛ እግሩ ቤቱ ገብቷል። ሰውየውም እኮ ለባለቤቱ ሰው ልልክ ነበር ይላሉ። አያ ሞላ በሬውን ሲያዩ መጀመሪያ አቀፉት፣ ቀጥሎ ሰደቡት። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ሳቄ አላስቆም አለኝ። ኢ/ር ታደሰ ግን ገመዱን ራሱ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ከተማውን አቋርጦ አስገባው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ደስ ይላል፣ ምን ይደረግ።

ዘበኛችን ነገረኝ። ሀያት ዛሬ ሁለቴ መጥታ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ሄዳለች። ሥራ ይዘው ነው፣ አልረብሻቸውም ብላ። ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ከቀኑ 9፡00

ተናድጃለሁ። በዋናነት በራሴ።

ሀያት ጠዋት መጣች። ገጹ አሁን ደግሞ ድምፅ እየላከ ነው፣ ለሙሽራው እናት ለሀጃ ዘሃራ። አጎቶቹ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተቀምጠው ይወስናሉ። በይ የተላከልሽን አሳዪኝ አልኳት። ዐይኔን አየችኝ። አንቺ አጥፊው ስላልሽኝ አጠፋሁት አለችኝ።

ወይኔ ዓለምነሽ! የደፈረሰ ወንዝ ለመሻገር የመጣችን ልጅ ድልድዩን ያፈረስኩባት እኔው። ሦስት ዓመት ማስረጃ አትንኩ እያልኩ ገበሬ ስቆጣ የኖርኩ ሴትዮ፣ ስልክ ሲሆን ማስረጃ መሆኑን ረሳሁት። ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ትብስ፣ ምንም አይደል ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። እንዲህ አልኩት፦ ትናንት አራት ፖሊስ ያለቀ ነገር ስንፈልግ ዋልን። በሬው ቢሰረቅም እንኳ ጠፍቷል፣ በቃ፣ ጉዳቱ ደርሷል። የዚች ልጅ ግን እያየነው፣ በዚች ደቂቃ እየተሠራባት ነው። ዛሬ ብንይዘው እሑድን እናተርፋለን፣ ሰኞ ብንይዘው ምን እናደርግላታለን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው ጮኸ አይደለም፣ ነገሩ አልቋል ወይስ እየቀጠለ ነው የሚለው ነው።

ስልክ ሰው አይገድልም አለኝ። ስልክ ያላት ሁሉ ከመጣች ለነፍሰ ገዳይ ማን ይሄዳል? እውነት አለው እኮ፣ እሱ ነው የሚያናድደው። አምስት ፖሊስ ነን። አንድ ሞተር ሳይክል አለን፣ እሱም ይታከማል። ግን ስሟ የጠፋ ሴት በዚህ አገር ምን ትሆናለች፣ እርስዎ ሴት ልጅ የለዎትም ወይ አልኩት። አፌ አላረፈም። ነገ የአስተርዮ ማርያም ጥበቃ ላይ መደበኝ። ቅጣት መሆኑ ነው። ማርያም ትሁን፣ ደስ ብሎኝ እቆማለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21። ማታ 11፡30

ደብተሬ ሆይ፣ እልል በይ!

ለማርያም ጥበቃ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ነበር። ከውጭ ኡኡታ! ግን ምን ዓይነት ኡኡታ፣ የሴት ብቻ። ወጣሁ። ሀጃ ዘሃራ ከፊት፣ ሀያት ከጎናቸው፣ ከኋላቸው አርባ የሚሆኑ ሴቶች። ሻሽ፣ ነጠላ፣ ሒጃብ፣ አንድ ላይ። ማርያም ለመሳለም የወጡ ክርስቲያኖች ሳይቀሩ መንገድ ቀይረው ተቀላቅለዋል። ኢ/ር ታደሰ አንድ እግሩን በጫማ፣ አንዱን በካልሲ ብቻ አድርጎ ሮጦ ወጣ። ማን ሞተ? አለ።

ሀጃ ዘሃራ ቆመው፣ ረጋ ብለው መለሱለት፦ "የልጄ ስም በቁሟ እየተቀበረ ነው። ያለ ኡኡታ አትሰሙም አሉን፣ ይኸው ወላሂ ኡኡ ብለን መጣን።"

ልብ በይ፣ ልጄ ያሏት ሀያትን ነው። የሙሽራው እናት ናቸው! አጎቶቹ ይጠርጥሩ እንጂ እሳቸው አንድ ቀን አልጠረጠሩም። ኢ/ር ታደሰ ካልሲውን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ ግቡ አለ።

ይሄ ብቻ መሰለሽ? ሀጃ ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። ማንበብ አይችሉም፣ ነገር ግን አንዲት ነገር አላጠፉም። ልጆቹ እናጥፋልዎ ቢሏቸው እምቢ። ነገ ለአላህም ለዳኛም የሚታይ ነገር አይደመሰስም ብለው። እኔ ም/ሳጅኗ ያላወቅኩትን! አቅፌ ሳምኳቸው፣ ዩኒፎርም ለብሼ።

ድምፆቹን ከፈትን። ሦስት ናቸው። ሰውየው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያወራው፣ ማን እንደሆነ አይለይም። ሁለተኛው ላይ ግን ከበስተኋላ አንድ ሰው ይጣራል። ግራናአአ፣ ግራና ግራናአአ! ኢ/ር ታደሰ እጁን አነሣ። ድገሙት። ደገምነው። ይሄማ የመናኸሪያው መንገደኛ ጠሪ ነው፣ መጨረሻዋን እንደዚያ የሚስባት እሱ ብቻ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ሁላችንም በየቀኑ እንሰማዋለን። ከጠሪው መቆሚያ ፊት ለፊት ያለው አንድ ስልክ ጠጋኝ ቤት ነው። ሀያት ፊቷ ተለወጠ። ባለፈው ወር የስልኬን መስታወት እዚያ ነው ያስቀየርኩት አለች። ገጹ ላይ የወጡት፣ ለማንም ያልላከቻቸው ፎቶዎች እዚያ ስልክ ውስጥ ነበሩ። ሌላም አለ። ጠጋኙ ሰውዬ አምና ሽማግሌ ልኮባት እምቢ ተብሏል።

የድምፁን ቅጂ ወሰድን፣ የገጹን ምስል አሳትመን አስፈረምን። ኢ/ር ታደሰ ሁለተኛ ጫማውን አጥልቆ፣ ራሱ፣ በሚኒባስ፣ የብርበራ ፈቃድ ሊያወጣ መርሳ ፍርድ ቤት ሄደ። እኔን ደግሞ ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ እንዳይጠፋ መናኸሪያው ጋ በሲቪል ቆመሽ ጠብቂ አለኝ። ማርያም ታውቅልኛለች።

ዓርብ፣ ጥር 22። ከቀኑ 10፡00

አጭር፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።

ማለዳ 2 ሰዓት ሱቁ ገባን። ጠጋኙ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ማለ። መሳቢያው ውስጥ ሁለተኛ ስልክ፣ ስልኩ ውስጥ ገጹ ክፍት፣ የሀያት ፎቶዎች ተደርድረው። ቅር ብሎኝ ነው አለ። ቅር ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ካደረገማ እኔ ስንቱን አዋርጄ ነበር!

ጉዳዩ ወደ ዐ/ሕግ ሄደ። ዘመዶቹ በሽማግሌ ይለቅ ብለው መጡ። ሀጃ ዘሃራ እርቅ አልጠላም፣ ግን ከፍርድ በኋላ አሏቸው።

የቀረው የአጎቶቹ ነገር ነበር። እዚህ ላይ አለቃዬን ወደድኩት። ራሱ ክርስቲያን፣ ጁምዓ እስኪወጣ መስጊዱ በር ላይ በፀሐይ ቆሞ ጠበቀ። አጎቶቹ ሲወጡ በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ ነገራቸው። የተባለው ሁሉ ሐሰት ነው፣ ተናጋሪው ተይዟል፣ ልጅቱ ንጹሕ ናት፤ እኛም ዘግይተናል፣ ይቅር በሉን። ይቅርታ! ከኢ/ር ታደሰ አፍ! ትልቁ አጎት መሬት መሬት አዩ። እኛም ቸኩለናል፣ አላህ ይቅር ይበለን አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ከጠዋቱ 4፡00

ወሬው ከኔትወርክ ይፈጥናል። ከጠዋት ጀምሮ ሰባት የስልክ አቤቱታ። አንዱ አማቼ ብሎክ አደረገኝ ብሎ ክስ። አንዱ ቴሌግራም ላይ ስለ ኳስ ተከራክሮ አህያ ተብሏል። ኢ/ር ታደሰ ከጀርባዬ፣ አላልኩሽም! ይለኛል።

አልተሸነፍኩም። አየሽ፣ ጥያቄዎቼን በወረቀት አወጣኋቸው። እየቀጠለ ነው ወይስ አልቋል? ዛሬ ካልደረስን ምን ይጠፋል? ሰውየው ብቻውን ነው ወይስ አጋዥ አለው? አህያ የተባለው ሣቀና ወጣ። ባለ አማቹን ወደ ሽማግሌ። አራቱን ለሰኞ። አንድ አስተማሪ ግን፣ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ቤትሽን አውቀዋለሁ እያለ በቀን አሥር ጊዜ የሚጽፍላት፣ እሷን ከዱላውም ከድንበሩም አስቀደምኳት። ባለ ድንበሮቹ ተንጫጩ። ኢ/ር ታደሰ ባለ ድንበሮቹን፣ ድንበሩ እስከ ነገ አይሸሽም፣ ተቀመጡ አላቸው። ጆሮዬን አላመንኩም።

ከሰዓት፦ አጎቶቹ ለሀያት አባት የይቅርታ ሙክት ጎትተው ሄዱ አሉ። ሙክቱ በመንገድ አመለጣቸው፣ ሠፈሩ ሁሉ አባረረ። ለእሱ ግን ፖሊስ አልተጠራም።

እሑድ፣ ጥር 24። ማታ 12፡30

እግሬ አልቋል፣ ድምፄ አልቋል። ኒካው ታሰረ! አልሐምዱሊላህ ይላሉ እነሱ፣ ተመስገን እላለሁ እኔ። ድቤው ሲመታ መቀመጥ አልቻልኩም። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የታረደው ለብቻ ተዘጋጅቶ ተቀመጠልን፣ እንደ ወጉ። ኢ/ር ታደሰ ጨፈረ። መጨፈሩስ ይሁን፣ ትከሻው እንደዚያ ይንቀጠቀጣል ብዬ አልጠረጠርኩም!

ወደ ሙሽሪት ክፍል አስገቡኝ። ሀያት አረንጓዴ ለብሳለች፣ ራሷ የሰፋችውን። ሳቀች፣ በድምፅ። ከሰኞ ጀምሮ ስልኳን ሌላ ሰው ነበር የሚይዝላት፣ ሲጮህ ልቧ ይደነግጥ ስለነበር። አሁን ስልኬን ስጡኝ አለች። ከፈተችው። ተንጫጫ፣ ተንጫጫ፣ ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ።

ውሳኔ፦ ነገ ጠዋት ያንን ካርቶን አወርደዋለሁ። አለቃዬን አስፈቅጄ። ባይፈቅድም አወርደዋለሁ፣ ቀጥሎ አስፈቅዳለሁ።

ሀያት ስልኩን ሰጠችኝና አንሺኝ አለች። አነሣኋት። ፎቶውን አየችው፣ ሻሿን አስተካክላ አንዴ አስደገመችኝ። ከዚያ በራሷ ገጽ፣ በሙሉ ስሟ፣ በገዛ እጇ ለጠፈችው።