የወንድም ጋሼ መኪና በረደች

ወንድም ጋሼ፣ ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው፤ እኔም ልከስህ ተነስቻለሁ። አስር ቁጥር መፍቻዬን የት ነው ያደረግከው? ጋራዡን ሦስቴ በረበርኩት። እንደማትመልስልኝ ሳውቅ አዲስ ገዛሁ። አኩርፌሃለሁ።

ቤተሰቡ ደህና ነው። ባለቤትህ እትዬ አልማዝ ግን መኪናህን ልትሸጥ ቆርጣለች። ሐኪሙ ሙቀት ይጎዳሻል ብሏታል፤ ያቺ አሮጌ መኪና ደግሞ ኤሲ ሲከፍቱባት እንደ ምድጃ ነው የምትተነፍሰው። ከቀብርህ ወዲህ አንድ ቀን አልገባችባትም፤ ሰው አስነድታ እኔ ደጅ አስቆመቻት። «እስከ እሑድ ካላቀዘቀዝካት ትሂድልኝ» አለችኝ በስልክ። እኔ ደግሞ መካኒክነቴ ከቪዲዮ ነው።

የኤሲዋ የድሮ ጋዝ አሁን እንደ ልብ አይገኝም፤ በአዲሱ መቀየር ነበረብኝ። የተረፈውን አየር ላይ መልቀቅ ክልክል ስለሆነ ፈቃድ ያለው ጋራዥ ወስጄ አስመጠጥኩት። ከዚያ ዘይቱንና ጎሚኒ የሚሏቸውን የጎማ ቀለበቶች ልቀይር የቧንቧውን መጋጠሚያ ስፈታ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ጧፍ። የቤተ ክርስቲያን ጧፍ አለስልሰህ ቀዳዳውን ደፍነኸዋል። ሞተር ሲግል ሰሙ ቀልጦ ጋዙ ሾልኮ ይሄዳል እንጂ ምን ይሆናል? ከቅዳሴ ስንወጣ ጧፉን ኪስህ ስትከት አይቼህ ነበር፤ ለጸሎት መስሎኝ አከበርኩህ። መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ጎረቤት ብቅ ብሎ እስኪያየኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ግን በቀልድ ልነግርህ አልችልም። ጧፉን ጠርጌ የተበሳውን ቧንቧ ከቀየርኩ በኋላ አየሩን በፓምፕ ስስበው፣ ቧንቧው ውስጥ የነበረው እርጥበት ያለ እሳት ፈልቶ ይወጣል። የግፊት መለኪያው ቀስት ወርዶ አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም፤ የሚሾልክበት ቀዳዳ የለም ማለት ነው። አዲሱን ጋዝ ከድሮው ልክ ቀነስ አድርጌ ሞላሁና ሞተሩን አስነስቼ ኤሲውን ከፈትኩ። አንዱ ቧንቧ እጅ ያቃጥላል፣ ሌላው ጤዛ አዝሏል፤ በሁለቱም የሚሄደው ያው አንድ ጋዝ ነው። ሙቀቱን ከውስጥ እየተሸከመ ወጥቶ ደጅ ይጥለዋል። ብርዱ ፊቴ ላይ ሲመጣ ኮፍያዬን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁ አላውቅም። ስንት ዓመት ስንነዳት ይህ ሁሉ ተአምር ጉልበታችን ሥር ነበር፤ እኛ መስኮት ዝቅ አድርገን በጋዜጣ እናራግባለን።

ይህን ስነግርህ የቤቴ በር ተንኳኳ። በመስኮት አጮለቅሁ፤ እትዬ አልማዝ ናት፣ ብቻዋን። እሑድ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል፤ መብረዷን ለማንም አልተናገርኩም። አንኳኩታ ፊቷን አዙራ መኪናህን እያየች ነው።

ያንተ ወንበር ላይ አስቀምጫት ሞተሩንና ኤሲውን አስነሳላታለሁ፤ ከዚያ ራሷ ትወስን። እኔ እንደሆንኩ፣ አፌ እስከሠራ ድረስ ሳላነሳህ የማድርበት ቀን የለም። ልክፈትላት።