የጋሽ ምን ጎደለ የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የበኩር ልጅ በመሆናቸው ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገዋል። በ1963 ዓ.ም. በዓሣ እርባታ ዲፕሎማ ተመርቀው ከከተማው ዳር ባለው የዓሣ ማራቢያ ተቀጠሩ።

ሥራ በጀመሩ ሰሞን የኩሬው ዓሣ አልበዛ ቢላቸው የተራበ መስሏቸው መኖውን እጥፍ አደረጉት። የተረፈው መኖ ከሥር በሰበሰና የውሃውን አየር ጨረሰው። ጠዋት ሲመጡ ዓሦቹን ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው አገኟቸው። አባታችን ኩሬው ዳር ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። ፍጥረት የሚበዛው በተትረፈረፈው ነገር ሳይሆን በጣም ባነሰው ነገር ልክ መሆኑን፣ ያም አንዳንዴ ምግብ፣ አንዳንዴ አየር፣ አንዳንዴም ሙቀት ወይም እንቁላል መጣያ ቦታ መሆኑን ያን ቀን ልብ አሉ። ከዚያ ወዲህ «ምን ጎደለ?» ሳይሉ አንዲት ነገር አያዙም ነበርና ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ምን ጎደለ» አሏቸው።

በ1968 ዓ.ም. ከስልክ ኦፕሬተሯ እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። እናታችን ማታ ማታ «ዛሬም ዓሣ ዓሣ ሸተትክ» እያሉ ካልቀለዱባቸው ለአባታችን እራት አይወርድላቸውም ነበር። ትልቋ ልጃቸው በትምህርቷ ስትደክም ዘመድ ሁሉ አስጠኚ ይቀጠርላት ሲል፣ እሳቸው የምታጠናበትን ጥግ አይተው አምፖል ቀየሩላት።

እናታችን በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አባታችን እህል አልቀምስ አሉ። እየተሽቀዳደምን ፍሪጁን ሞላነው፤ ምግቡም እዚያው ተበላሸ። ታናሿ ልጃቸው ፍሪጁን ከፍታ ስታይ እሳቸው ያጫወቷት የኩሬው ነገር ትዝ አላት። በማግስቱ ባዶ እጇን መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠችና «አባዬ፣ ምን ጎደለ?» አለቻቸው። እሳቸውም «የሚቀልድብኝ» አሉ። እሷም ወደ እግራቸው አየት አድርጋ «ታዲያ ይሄ ግራና ቀኙ የማይተዋወቅ ካልሲ ምንድነው?» አለች። ሳቁ፤ ሳቁና በሉ። ከዚያ በኋላ በየተራ እየሄድን ስንቀልድባቸው ኖርን።

በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እንኳ የኦክስጅኑን ቱቦ እየነኩ «አሁንስ የጎደለውን አወቅሁት» ብለው ነርሷን አሳቋት። ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው በልጆቻቸው መካከል አረፉ። ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው በሐዘን ላይ ነን፤ የጎደለንን ለማወቅ ዛሬ መጠየቅ አያሻንም። አምላክ ነፍሳቸውን ምንም በማይጎድልበት ያሳርፍልን፤ እናታችንም ካልሲያቸውን አይተው ይቀልዱባቸው።