የእማዬ የሸክላ ዋሽንት

ለውድ ወንድሜ ለታደለ
ወንጂ

ውድ ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወባ ዳግም አልተመለሰብህም? የሚቃጠለው ሸንኮራ ጭስ ያስለኛል ብለህ ጽፈህ ነበርና እማዬ ዝናብ ቆርቆሮውን በመታው ቁጥር ያንተ ሳል የሚሰማት ይመስላታል። እኛ ጌታ ይመስገን ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንን። እማዬ ጉልበቷን ብርድ ሲነካት ያማታል እንጂ ደህና ናት። አለምነሽ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ምላሷ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ለሰፈሩ ይበቃል። ጥቁሯ ፍየል መንታ ወልዳለች። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ለበቆሎው ደስ ብሎናል፣ ለሸክላ ማድረቂያ ግን ፀሐይ አጣን።

ደብዳቤህን ሾፌር ወርቅነህ ራሱ ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠን። ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አንድም ቃል አላስቀረሁባትም። «ከዋሽንት ውድድሩ ቅሪ፣ አሞኛል ብለሽ ተኚ» ያልከውን አነበብኩ። አንድ የጂንካ ሰው አንተ ያለህበት ክፍል ሥራ እንደገባ፣ ወሬው ከደረሰው እናትህ ሸክላ ሠሪ መሆኗን እዚያ ያለው ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ለእጮኛህ ቤተሰቦች እናቴ ነጋዴ ናት ብለህ እንደነገርካቸው፣ ይህንንም አነበብኩ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያልከውንም። እማዬ የማሰሮ አንገት እያለሰለሰች ነበር፤ እጇን አላቆመችም። ልጄ ፈርቶ ነው እንጂ ጠልቶን አይደለም አለችና ውሃ እንዳቀብላት አዘዘችኝ።

እሷ እንዲህ ብትልም እኔ ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ታላቅሽን አክብሪ ተብዬ ስላደግሁ ሰላምታውን አስቀደምኩ እንጂ መጀመሪያ ልጽፍልህ የፈለግሁት ይህን ነበር፤ አልታዘዝኩህም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ አንተ ግን ፈርተህም ለእናትህ አልሆንክላትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ላልከው ደግሞ፣ ዝም ባለ አፍ ዋሽንትም አይነፋም። ከተቀየምከኝ እስከ መጨረሻው አንብበህ ተቀየመኝ።

ወሬው ተጣሞ እንዳይደርስህ ከሥሩ ልንገርህ። ውድድሩ የከተማው ቀበሌዎች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ሙዚቀኞቻቸውን የሚያወዳድሩበት ነው። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት አርባ ምንጭ ሄደው ከሌሎች አውራጃዎች ጋር ይገጥማሉ። ሌሎቹ ቀበሌዎች ጊታርና አኮርዲዮን አላቸው፤ የእኛ ቀበሌ ያለው አንድ የተቀደደ ከበሮ ስለሆነ የአያቶቻችንን የቀርከሃ ዋሽንት እናቅርብ ተባለ። ዘጠኝ ወንዶችና እኔ ተመረጥን። ወንጂ አስረስቶህ ከሆነ ላስታውስህ፤ አንድ ሰው አንድ ዋሽንት ይይዛል፣ አንዱ ዋሽንት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው፤ አንዱ ከጎደለ እንደ አለምነሽ አፍ ይሆናል። ለእኔ የደረሰኝ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ብዙ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የእማዬን እሳት እፍ እያልኩ ያደግሁ ነኝ።

የልምምዱን ጊዜ ሁሉ በፓፓያ ቅጠል ዘንግ ነፋን። ሲጠወልግ ሌላ እየቆረጥን፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዜማውን አንድ በአንድ ገጣጠምነው። እውነተኛዎቹ ዋሽንቶች ያሉት ጋሽ ዶላሞ ቤት ነው፤ ከአባታቸው የወረሷቸው ናቸው፣ ልጃቸው ጎሳዬም ከእኛው ጋር ይነፋል። ውድድሩ ሲቃረብ ጋሽ ዶላሞ ጥቅሉን ይዘው መጡና ለእያንዳንዱ ማደል ጀመሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄ ተዘርግቶ ቀረ። «አባቴ አፉን ያደረገበትን የሸክላ ሠሪ ልጅ አፍ አይነካውም» አሉ። ወንድም ጋሼ፣ እሁድ እሁድ ከእኚህ ሰው ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጠን በአንድ መዝሙር ጌታን እናመሰግናለን። እሁድ የሚዘምረው አፌ ሰኞ ምን ነክቶት እንደሚረክስ የሚነግረኝ አጣሁ። ወንዶቹ ሁሉ አቀርቅረው መሬት መሬት ያያሉ፤ መሬቱ ላይ ምን እንደጠፋባቸው አላውቅም።

ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ጓድ ጥላሁን ሄድኩ። እሳቸው በስብሰባ ላይ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እያሉ መናቅ ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ተቀብሯል ሲሉ መዳፋችን እስኪግል ያጨበጨብንላቸው ሰው ናቸው። አሁን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትግል ደረጃ በደረጃ ነው፣ አንቺ ለጊዜው ከጎን ቆመሽ አጨብጭቢ አሉኝ። እጄን ለጭቃ እፈልገዋለሁ፣ አጨብጫቢ ሌላ ይፈልጉ ብያቸው ወጣሁ። በሩን ስዘጋው ትንሽ ጮኸ። ትንሽ ነው ያልኩህ ለጨዋነት ያህል ነው።

ያን ቀን እያለቀስኩ ነው ቤት የገባሁት፤ ይህንንም አልደብቅህም። እያለቀስኩ ሳለሁ ግን አንድ ነገር ታየኝ። የከለከሉኝ የእሳቸውን ዋሽንት ነው፤ የራሴን ይዤ እንዳልመጣ ማንም አልከለከለኝም። ቀርከሃማ ከማንም አጥር ይቆረጣል። እኔ ግን እልህ ያዘኝ፤ አፌ የሸክላ ሠሪ ልጅ አፍ ከሆነ ዋሽንቱም ሸክላ ይሁን አልኩ። እማዬን ስለምናት መጀመሪያ ተቆጣች። ሸክላ ለውሃና ለወጥ ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም አለችኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭቃውን በበቆሎ አገዳ ላይ ጠቅልላ፣ አገዳውን መዝዛ ባዶውን ውስጥ እያየች አገኘኋት።

የመጀመሪያው ከእሳት ሲወጣ ድምፁ የጫጩት ሆነ። ሸክላ እሳት ውስጥ እንደሚያንስ ከእማዬ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ድስት የጣት ያህል ቢያንስ ማን ይጠይቃታል? ዋሽንት የጣት ያህል ሲያንስ ሌላ ሰው ይሆናል። ራሷ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። ሁለተኛው በእርጥበቱ ምክንያት ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን አብዝታ አስረዝማ ሠራችው፤ ሲተኮስም ድምፁ ከሚፈለገው በታች ሆነ። ከዚያ ጠርዙን ድንጋይ ላይ ትፈጨዋለች፣ እኔ እነፋለሁ፣ ገና ነው እላለሁ፣ መልሳ ትፈጨዋለች። አክስቴ ሽታዬ እሳት ልትጭር መጥታ ይህን አይታ እማዬን፣ ቦሼ ዛሬ ደግሞ ድምፅ ትፈጫለሽ ወይ ብላ አሾፈችብን። ፓፓያው ላይ የማውቀው ድምፅ ሲመጣ ሦስታችንም አወቅነው።

ውድድሩ ቅዳሜ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ጠርዝ ላይ ሆነ። ላሞቹ ተነድተው እንዲወጡ ተደረገ፤ ከገበያው ሰው እየጎረፈ ሜዳውን ሞላው። ሸክላ ሻጮቹ እንደምታውቀው የሚቀመጡት ከገበያው ዳር ነው፤ እማዬና አክስቴ ሽታዬም ማሰሮዎቻቸውን ለሰው አደራ ብለው ከኋላ ቆሙ። የመጀመሪያው ቀበሌ በጊታር ስለ ምርት ዘመቻ ዘፈነ፤ ልዋሽህ አልችልም፣ አሳምረው ነው የዘፈኑት። እኛ ስንጠራ ጋሽ ዶላሞ በእኔ ቦታ ያስገቡት ልጅ ወፍራሙን ዋሽንት ይዞ ተነሳ። እኔም ሸክላዬን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ገባሁና መሃል፣ ከጎሳዬ አጠገብ፣ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ያ ልጅ አየኝ፤ ትንፋሹ ከዜማው ግማሽ እንደማያደርሰው ራሱ ያውቃልና ደስ እያለው ተቀመጠ።

ጋሽ ዶላሞ ከፊት ሆነው እሷ ፈንጠር ብላ ትቁም አሉ። አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ ልጃቸውን በእጃቸው ወዲህ ና አሉት። ጎሳዬ ዋሽንቱን አፉ ላይ አድርጎ አባቱን እንዳላየ ሆነ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ያ ወንድሙ የሚባለው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በሌላው ጎኔ ጠጋ አለና ጀመረ፤ ዜማውም ዞሮ እኔ ጋ መጣ። መጀመሪያ ላይ ነፋሁና ባዶ አየር ብቻ ወጣ። ሰው ሲስቅ ሰማሁ። በሁለተኛው ዙር ግን መጣ፤ ወፍራም፣ ከቀርከሃው የከበደ፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስል። ከኋላ ሸክላ ሻጮቹ እልል አሉ። ወንድም ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወህኒ ቤት እንውሰድሽ እንኳ ቢሉ ሳልጨርስ አልሄድም ነበር።

አንደኛ አልወጣንም፤ ሁለተኛ ነን። ጓድ ጥላሁን በድምፅ ማጉያው የዘጠኙን ወንዶች ስም ከነአባታቸው ጠሩና «እንዲሁም አንዲት ረዳት» ብለው ወረቀታቸውን አጠፉ። እዚህ ላይ ነው አንተ የፈራኸውን ያደረግሁት። ሄጄ ማጉያውን ያዝኩና ጤናዬ እባላለሁ፣ የሸክላ ሠሪዋ የቦሼ ልጅ ነኝ፣ የነፋሁትን ሸክላ የሠራችው እናቴ ናት አልኩ። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ አጨበጨበ፣ አንዱ ሽማግሌ ምራቁን እንትፍ ሲል አይቻለሁ። እማዬ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አሳፈርኳት ብዬ ፈራሁ። ቤት ገብተን ስጠይቃት፣ ስሜንና ሥራዬን አንድ ላይ ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ለስድብ ካልሆነ አለችኝ።

ሰኞ ኮሚቴው ጠርቶ ሥነ ሥርዓት በማጉደል ግለ ሂስ አድርጊ አለኝ። ተነሥቼ፣ ጥፋቴ ማጉያውን በጣም አርቄ መያዜ ነው፣ ዳር ያሉት ሳይሰሙ ቀርተዋል አልኩ። ከዚያ ወዲህ አልጠሩኝም። ጋሽ ዶላሞ ግን ዋሽንቶቻቸውን ሰብስበው ወሰዱ፤ አርባ ምንጭ በምን ልንሄድ ነው? ጎሳዬና የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ወንድሙ እማዬ ጋ መጥተው ለሁላችንም ሥሪልን አሏት። እሠራለሁ፣ ጭቃውን ግን ራሳችሁ ትረግጣላችሁ አለቻቸው። ሁለቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ሌሎቹ እስካሁን አልመጡም፤ ከመጡ እንሄዳለን፣ ካልመጡ የሌላ ቀበሌ ቡድን ይተካል። ጎሳዬ እግሩን ጭቃ ካስነካ ጀምሮ አባቱ ቤት ለብቻው ነው የሚበላው። አንድ ቀን እማዬ ና ብላ ከእኛ ገበታ አበላችው። መጀመሪያ እጁ ዘገየ፤ በኋላ ግን አለምነሽን እየተሻማ በላ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ ወሬው አንተ ጋ መድረሱ አይቀርም፤ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሾፌር ወርቅነህ እጅ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይደርስሃል። የመጀመሪያው ዋሽንት ነው፤ ያ በእሳት ያነሰው። ድምፁ ለዜማችን አይሆንም፣ ግን አልተሰነጠቀም። እኔ በጥቅሉ ላይ በትልቁ «ከሸክላ ሠሪዋ ከቦሼ» ብዬ ልጽፍበት ከሰል አንስቼ ነበር። እማዬ ከሰሉን ከእጄ ቀማችኝ። ተይው፣ ስሜን ራሱ ይጥራው አለች። ስለዚህ ምንም አልተጻፈበትም። የሚያይህ ሰው ይህ ምንድን ነው፣ ማን ሠራው ማለቱ አይቀርም። ከገበያ ገዛሁት ብትል እኛ እዚህ ሆነን አንሰማህም። ለእማዬ ግን ምን እንዳልክ ጻፍላት፤ ገንዘብም ሻሽም አትላክ፣ እሱን ብቻ ጻፍላት።

እማዬ ዓይንህን ስማለች፤ ሳልህን ማር በሎሚ ያዝበት ብላሃለች። አለምነሽ ሰላም ብላሃለች፣ ጥርሷ ሲበቅል የምትበላው ከረሜላ ከአሁኑ እንድትገዛ ታዛለች። አክስቴ ሽታዬ ከነልጆቿ፣ አጎታችን ኤርጎም እንዲሁ ሰላም ብለውሃል። ጎሳዬም አሁን የቤት ሰው ነውና ሰላምታው ይድረስህ። ገና ላላየናት ለእጮኛህ ለያለምወርቅ የእናታችንን ሰላምታ አድርስልን፤ የየትኛዋ እናት እንደሆነም ጨምረህ ንገራት።

እየተቆጣች የምትወድህ እህትህ
ጤናዬ፣ የሸክላ ሠሪዋ የቦሼ ልጅ

ጂንካ፣ ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.