ጎታው ከበሩ አይወጣም

ሐሙስ፣ ነሐሴ

ማክሰኞ ይፈርሳል። አጎቴ ሙላት ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። ቁሐር ሚካኤል ያለው የአያቴ የእምዬ ቤት ምሰሶው በስብሷል፣ ወደ ውሃው በኩል ዘሟል፤ ቆርቆሮውና ደህና ደህናው እንጨት ወደ ወረታ ይምጣ ነው የሚለው። እኔ ግን "እስከ ሰኞ ስጡኝ፤ ደጁ ላይ የተኛውን ውሃ ላስወጣው፣ ግድግዳው ከደረቀ ምሰሶ ይቀየራል" አልኩ። በመስኖ ምህንድስና ከተመረቅኩ ይህ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ሥራ የለኝም፤ አካፋ ግን አለኝ።

አጎቴ ሳቀብኝ። "እስቲ ኢንጂነሯ! በአራት ቀን ጣናን አድርቂልን!"

እምዬ ዓምና እግሯ ከከዳት ጀምሮ እኛ ጋ ናት። ዛሬም ጠየቀችኝ፦ "ውሃው ደጃፉን አለፈ?" አላለፈም አልኳት፣ እንደ ወትሮው።

ዓርብ

በባጃጅ መንገዱ እስካለቀበት፤ ከዚያ በእግር፣ ጭቃ እስከ ጉልበት። ውሃው ደጃፉ ላይ ቆሟል። አላለፈም! ማደሪያዬ ጎረቤት፣ አያ ታከለ ቤት ነው።

የእህል ጎታው እንዳለ አለ። እምዬ እዚያው ቤት ውስጥ ጭቃና ጭድ እያቦካች፣ ድርብ በድርብ እያሳደገች ነው የሠራችው። ከበሩ ስለሚሰፋ አይወጣም፤ ቤቱ ከፈረሰ እሱም ይፈርሳል። ጭቃው ሳይደርቅ የልጅ ልጆቿን ሁሉ እጅ አትማበታለች። የእኔ ከሁሉም ታች ነው፣ ትንሿ። ባዶ ሲሆን ገብቼ እደበቅበት ነበር። ገለባው ያሳክከኛል፤ እሷ እያወቀች "ይቺ ልጅ የት ገባች?" እያለች ቤቱን ትዞራለች።

ውሃ ደጃፉን ያለፈ ክረምት ሁላችንንም ከጣሪያው ሥር ቆጥ ላይ ታወጣን ነበር። እንቁራሪት ወለሉ ላይ ሲዋኝ እያየን እንስቃለን። እሷ ከታች፣ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ የጎታውን ሥር በጭቃ ትለስናለች። እግሯን ምን እንደበላው አሁን ነው የገባኝ።

ቦይ መቆፈር ጀመርኩ። መዳፌ ውሃ ቋጥሯል።

ቅዳሜ

ሄደ! ውሃው ሄደ!

ከደጃፉ ተነሥቼ፣ የአያ ታከለን የሩዝ ማሳ ጥግ ይዤ፣ ከማሳው ወዲያ ወዳለው ወንዝ ለቀቅኩት። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ደረቅ አፈር ረገጥኩ። ለአጎቴ ደወልኩ፦ "ምሰሶ ፈልግ!" አላመነኝም። "እስቲ ሰኞ መጥቼ ልየው" አለ። ይበቃኛል።

እሑድ

ሲዘንብ አደረ። የአያ ታከለ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። የቆፈርኩት ቦይ የማሳቸውን ውሃ የሚይዘውን የጭቃ ጠርዝ ሥር ሥሩን ቦርቡሮታል። ጠርዙ ተደረመሰ። ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ ስላለው የማሳው ውሃ በሙሉ በእኔው ቦይ ተመልሶ እምዬ ቤት ገባ። ጎታው ከሥሩ ሟሙቶ ቁጭ ብሏል።

"ሩዝ እኮ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድግ! አንቺ ሽንብራ መሰለሽ?" አሉኝ አያ ታከለ። ሳለቅስ ሲያዩ ለዘብ አሉ። "አያትሽ በዚህ በኩል ቦይ ቀድዳ አታውቅም፤ በጓሮ ነው ውሃ የምትሸኝ። ምናለ ብትጠይቂያት ኖሮ?"

ምናለ? በየቀኑ የምትጠይቀው እሷ ናት። እኔ አላለፈም ብዬ እሄዳለሁ። አምስት ዓመት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ተምሬ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እምዬን አልጠየቅኳትም።

ጠርዙን ስንጠግን ዋልን። ሩዙ ይተርፋል አሉ አያ ታከለ።

ሰኞ

አጎቴ መጣ። አየ። ይሳለቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልተሳለቀም። ይሄ ባሰብኝ።

ማክሰኞ

ፈረሰ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቆርቆሮው ወርዶ አለቀ። ቤት ማለት ይኼን ያህል ነው።

እጄ ያለበትን የጎታ ስባሪ በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ባጃጁ ሲንጠው ፈረሰ። ወረታ ደርሼ ስከፍተው ጭቃ ብቻ ነው።

እምዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ውሃው ደጃፉን አለፈ?"

"አለፈ፣ እምዬ።"

ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብሰብ አድርጋ ለመነሣት ታገለች። "በይ እንግዲያ ልጆቹን ቆጥ ላይ አውጪያቸው። እኔ ከታች አለሁ።"

እሺ አልኳት። ይኸው አጠገቧ ነኝ። በአንድ እጄ እጽፋለሁ፤ በሌላው እንዳትነሣ ጉልበቷን ይዣለሁ።